ቦርደር ኮሊዬ የልጆቹን ተረከዝ መንከስ እንዴት እንዳቆመ

የ11 ወር ቦርደር ኮሊ (በግ ለመንዳት የተዳቀለ የውሻ ዝርያ) አለኝ። ችግሩ ይሄ ነበር፦ ልጆቹ መሮጥ ሲጀምሩ ጎንበስ ብሎ፣ ዓይኑን ሳይነቅል ይከተላቸዋል። ከዚያ ዞሮ ተረከዛቸውን ንክስ! ክፋት አይደለም። በግ እየነዳ ነው፤ በጉ ነው የሌለው።

መጀመሪያ «ጉልበቱ ተርፎት ነው» ብዬ ኳስ መወርወር ጀመርኩ። በቀን ሁለት ሰዓት። ክንዴ አለቀ፤ እሱ ጭራሽ ጠነከረ፤ ማታ ማታም ከግድግዳ ግድግዳ ይንቆራጠጣል። ቁጣ ለአንድ ደቂቃ ብቻ ሠራ። የሌዘር መብራት ማሳደድ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ስህተት ነበር፤ በሁለተኛው ቀን የሰዓቴን ነጸብራቅ ሳይቀር ግድግዳ ላይ ማደን ጀመረ። ለዚህ ዝርያ አትሞክሩት።

የሠራው ይሄ ነው። ኳሱን ወደ 10 ደቂቃ አወረድኩት። የደረቅ ምግቡን ግማሽ በሳህን መስጠት ትቼ ፍሬ ፍሬውን ክፍሉ ውስጥ ደበቅኩ፤ በአፍንጫው ይፈልጋል። ሩብ ሰዓት እንዲህ ካነፈነፈ በኋላ ለጥ ብሎ ይተኛል። ምንጣፉ ላይ በራሱ ጋደም ባለ ቁጥር ደግሞ፣ ምንም ሳልናገር፣ አንዲት ፍሬ በፊት እግሮቹ መሃል አስቀምጥለታለሁ።

ልጆቹ ሲጫወቱ ረጅም ገመድ ታስሮበት አጠገቤ ይሆናል። ጎንበስ ሲል፣ ገና ሳይሮጥ፣ ስሙን ጠርቼ የሚጎትተው መጫወቻ እሰጠዋለሁ። ከሮጠ በኋላ መጥራት ዋጋ የለውም።

በሦስተኛው ሳምንት ንክሻው ቆመ። ጎንበስ ማለቱ አልቀረም፤ አሁን ግን ዞር ብሎ ያየኛል።

ገና ቡችላ እየመረጣችሁ ከሆነ ወላጆቹ በግ የሚነዱ መሆን አለመሆናቸውን ጠይቁ። እኔ አልጠየቅኩም።