የቬራዛኖን ድልድይ ከነታሪኩ ለማየት፦ ከየት መጀመር፣ ምን መመልከት

ኒውዮርክ ውስጥ ብሩክሊንን ከስታተን አይላንድ የሚያገናኘው ይህ ተንጠልጣይ ድልድይ የእግረኛ መንገድ የለውም። በእግር እሻገራለሁ ብሎ የሚሄድ ሰው ደክሞ ይመለሳል። የሚሻለው ከባሕሩ በኩል መምጣት ነው፤ ስሙን የተሸከመው መርከበኛም የመጣው በባሕር ነውና።

መነሻዎ ማንሃተን ደቡብ ጫፍ ያለው ባተሪ ፓርክ ይሁን። በ1909 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የቆመው የጆቫኒ ዳ ቬራዛኖ ሐውልት እዚያ አለ። ይህ የፍሎረንስ ሰው ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለቀዳማዊ ፍራንሷ ተቀጥሮ፣ ላ ዶፊን በምትባል መርከብ በኤፕሪል 1524 እዚህ ደረሰ። መርከቧን ውጭ አቁሞ በትንሽ ጀልባ፣ ድልድዩ ዛሬ ባለበት ጠባብ ሰርጥ ገባ። የአገሬው ሰዎች በጀልቦቻቸው ሊያዩት ሲመጡ ድንገት ነፋስ ተነሣና ወደ መርከቡ መለሰው። ከ85 ዓመት በኋላ የደረሰው ሄንሪ ሃድሰን ስሙን ለወንዙ ሲያተርፍ፣ ቬራዛኖ ግን እስከዚህ ድልድይ ድረስ ተረስቶ ቆየ። ያኔም ስሙ በአንድ ዜድ ጎድሎ ተጻፈ፤ በሕግ የታረመው በ2018 ነው። የቆየ ካርታ ላይ ሲፈልጉ ይህን ያስታውሱ።

ከዚያ ነፃውን የስታተን አይላንድ ፌሪ ይሳፈሩ። ሰው ሁሉ የነፃነት ሐውልትን ለማየት ወደ ቀኝ ይሰበሰባል፤ እርስዎ ግን ድልድዩን ለማየት በግራ በኩል ወደ ፊት ይቁሙ። ጉም ባለበት ቀን አይሂዱ፤ ማማዎቹ ጨርሶ ይሰወራሉ።

ሴንት ጆርጅ ወርደው በኤስ 51 አውቶቡስ ወደ ፎርት ዋድስዎርዝ ይሂዱ። ድልድዩ ደህና አድርጎ የሚታየው ከዚያ ምሽግ ከፍታ ላይ ነው። መጀመሪያ ገመዶቹን ይዩ፦ አራት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 91 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወፍራሉ፣ በውስጣቸውም 26,108 ቀጫጭን ሽቦዎች ታስረዋል። ሙቀት ብረቱን ስለሚያስረዝመው መካከሉ በበጋ ከክረምቱ እስከ 3.7 ሜትር ዝቅ ይላል። 211 ሜትር የሚረዝሙት ማማዎች ሁለቱም ቀጥ ብለው ቢቆሙም፣ ምድር ክብ ስለሆነች አናታቸው ከእግራቸው ይልቅ በ41 ሚሊ ሜትር ይራራቃል። በዓይን አይለይም፤ መሐንዲሱ ኦትማር አማን እና ባልደረቦቹ ግን በንድፋቸው አስልተውታል። በ1964 ሲከፈት በሁለቱ ማማዎች መካከል ያለው 1,298 ሜትር ርዝመቱ በዓለም አንደኛ ነበር፤ በ1981 የእንግሊዙ ሃምበር ድልድይ በለጠው።

ለመሻገር ኤስ 53 ወይም ኤስ 79 አውቶቡስ ወደ ብሩክሊን ያደርስዎታል። በኖቬምበር ወር የመጀመሪያ እሑድ ግን አይሞክሩት፤ ደራርቱ ቱሉ በ2009 ያሸነፈችው ማራቶን የሚነሣው ከዚሁ ስለሆነ ድልድዩ ለተሽከርካሪ ይዘጋል።