ብሉቱዝ ስፒከር ከስልክ ጋር አልገናኝ ሲላችሁ መጀመሪያ ማን እንደያዘው እዩ

ስፒከር ገዝቶ ከስልኩ ጋር አልገናኝ ያለው ሰው መጀመሪያ ሚለው "ተበላሽቷል" ነው፣ ከዛ ካርቶኑን ፈልጎ ወደ ሱቅ። ኧረ ቆይ። አብዛኛውን ጊዜ ስፒከሩም ስልኩም ምንም አልሆኑም፣ ስፒከሩ በሌላ ሰው ስልክ ተይዞ ነው። እነዚህ ነገሮች በተለይ ርካሾቹ በአንድ ጊዜ ሚሰሩት ከአንድ ስልክ ጋር ብቻ ነው፣ አንዱ ከያዛቸው ለሌላው ስልክ ጭራሽ አይታዩም። ይቺን ከያዛችሁ ሌላው ቀላል ነው፣ ለማንኛውም ከመጀመሪያው እንሂድ።

ቻርጅ አርጉት መጀመሪያ። ከካርቶን ሲወጣ ትንሽ ይኖረዋል ግን ባትሪው ሲደክም ድምፁ ይቆራረጣል ወይም መሀል ላይ ይጠፋል፣ እናንተ ደግሞ ብሉቱዙ ነው ብላችሁ ሴቲንግ ስትጎረጉሩ ትውላላችሁ። ተራ የስልክ ቻርጀር ይበቃል፣ 5 ቮልት ሚሰጠው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፣ ስፒከሩ ታይፕ ሲ ሆኖ ሁለቱም ጫፉ ታይፕ ሲ በሆነው ኬብል ስትሰኩት ምንም መብራት ካላሳየ አትደንግጡ፣ ርካሽ ስፒከሮች ውስጥ ለዛ ኬብል ሚያስፈልገው ትንሽ ነገር ስለማይገባ ነው፣ በአንድ በኩል የድሮው ትልቁ ዩኤስቢ ያለበትን ኬብል አምጡና ሞክሩት ይበራል። ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት ብቻ ደህና ስፒከር መልሷል።

ከዛ ማብሪያውን ሁለት ሶስት ሰከንድ ተጭናችሁ ያዙት። ወይ ድምፅ ያሰማል ወይ አንዲት ሴትዮ በእንግሊዝኛ ብሉቱዝ ሞድ ምናምን ትላለች። ሜሞሪ፣ ፍላሽና ሬዲዮ ሚቀበሉት ስፒከሮች ላይ ሞድ ሚባል በተን አለ (አንዳንዱ ላይ ኤም ብቻ ተፅፎበታል)፣ ሬዲዮ ላይ ወይም ሜሞሪ ላይ ከሆነ ስልካችሁ ላይ መቼም አይመጣም፣ ስለዚህ ብሉቱዝ እስኪል ድረስ እሱን እየነካችሁ ቀይሩ። ሰማያዊ መብራቱ ቶሎ ቶሎ ብልጭ ድርግም ካለ ስልክ እየፈለገ ነው፣ በርቶ ከቀረ ግን ስልክ አግኝቷል፣ ያገኘው ስልክ የናንተ ካልሆነ ደግሞ የማን እንደሆነ መፈለግ ነው። እነ ጄቢኤል ላይ የብሉቱዝ ምልክት ያለበት የራሱ በተን አለ፣ እሱን ስትጫኑት ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል።

አሁን ስልኩ። አንድሮይድ ከሆነ ከላይ ወደ ታች ጎትታችሁ የብሉቱዝ ምልክቷን አንዴ ነክታችሁ አትተዉ፣ ተጭናችሁ ያዟት፣ ቀጥታ ወደ ሴቲንጉ ይወስዳችኋል። አዲስ መሳሪያ ፈልግ ሚለውን (ሳምሰንግ ላይ ስካን፣ ሌሎቹ ላይ ፔር ኒው ዲቫይስ ይላል) ንኩና ጠብቁ። አይፎን ከሆነ ሴቲንግ ገብታችሁ ብሉቱዝ ውስጥ ሆናችሁ ጠብቁ። የአይፎን ሰዎች፣ ከኮንትሮል ሴንተር ብሉቱዙን ስትነኩት ሚጠፋ ይመስላችኋል እንጂ አይጠፋም፣ ያለውን ግንኙነት ይቆርጥና በነጋታው መልሶ ይቀጥላል፣ እውነት ማጥፋት ከፈለጋችሁ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ነው።

ዝርዝሩ ላይ ሚመጣውን አይታችሁ አትደነቁ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሆናችሁ የጎረቤት ቲቪ፣ የማታውቁት ሰው ኢርፎን፣ በቁጥርና በሁለት ነጥብ የተፃፈ ምኑም ማይገባ ነገር ይመጣል። ቁጥሩ ስሙ ገና ስላልመጣ ነው፣ ትንሽ ጠብቁት። የናንተ ስፒከር ስም አብዛኛውን ጊዜ ካርቶኑ ላይ ወይም ከስር የተፃፈው ሞዴል ነው። እሱን ንኩት፣ ፔር ልበለው ወይ ብሎ ሲጠይቃችሁ እሺ በሉ። እዛው ላይ ኮንታክታችሁንና የስልክ ጥሪ ታሪካችሁን ልስጠው ወይ ሚል ትንሽ ሳጥን ካለ ግን አትምረጡት፣ ለመኪና ነው እንጂ ለስፒከር ምንም አይሰራም። የቆየ ስፒከር ከሆነና ኮድ ከጠየቀ 0000 ሞክሩ፣ ካልሆነ 1234።

ኮኔክትድ ብሎ ድምፁ ግን ከስልኩ ሚወጣ ከሆነ፣ አንድሮይድ ላይ ስሙ አጠገብ ያለችውን የሴቲንግ ምልክት (ዙሪያዋን ጥርስ ያላት ክብ) ንኩና ሚዲያ ኦዲዮ ሚለው መብራቱን እዩ። አይፎን ላይ ዘፈኑ ራሱ ሚጫወትበት ቦታ ላይ ድምፁ በየት ይውጣ ሚል ምልክት አለ፣ እዛ ስፒከሩን ምረጡ።

እስኪ አሁን ወደዛ ዋናው ነገር። ስፒከር ሲበራ መጀመሪያ ሚያደርገው መጨረሻ ላይ አብሮት የነበረውን ስልክ መፈለግ ነው። ትላንት ማታ ወንድማችሁ ተጠቅሞበት ከነበረና ዛሬ እሱ ጓዳ ተኝቶ ብሉቱዙ በርቶ ከሆነ፣ ገና ስታበሩት ሄዶ ወንድማችሁን ይይዛል፣ እሱ አያውቅም፣ እናንተ ሳሎን ቁጭ ብላችሁ ስካን ስታረጉ ምንም የለም። መፍትሄው የሱን ስልክ ብሉቱዝ ማጥፋት ነው፣ ሰውየው ካልተነሳ ደግሞ ስፒከሩ ላይ ማስለቀቅ ይቻላል፣ ጄቢኤል ላይ የብሉቱዙን በተን በመጫን፣ ርካሾቹ ብዙዎቹ ላይ ማጫወቻውን ረዘም አርጎ በመያዝ። ወይም ስፒከሩን ይዛችሁ ራቅ በሉ፣ የነዚህ አይነት ስፒከሮች ብሉቱዝ በግልጥ ቦታ 10 ሜትር አካባቢ ነው ሚደርሰው፣ በመሀል ብሎኬት ካለ ከዛም ያንሳል፣ ስለዚህ ግቢ ወጥታችሁ ከናንተ ስልክ ጋር ካገናኛችሁት በኋላ ይዛችሁት ብትገቡ ወንድማችሁ ጋር አይሄድም። ሁለት ስልክ ባንዴ ሚይዙም አሉ፣ እነሱ ላይ ደግሞ ሌላ ጭቅጭቅ አለ፣ የአንዱ ዘፈን ካልቆመ የሌላው አይሰማም።

ከዚህ በፊት ይሰራ የነበረ ስልክ በድንገት እምቢ ካለ ስልኩ ላይ የስፒከሩን ስም ፎርጌት በሉት (ሳምሰንግ ላይ አንፔር ይላል) እና እንደ አዲስ አገናኙት። ስፒከሩም ሚያስታውሰው የስልክ ብዛት ገደብ አለው፣ ሰርግ ላይ ልደት ላይ ሁሉም ሰው እየተቀባበለ ከተጠቀመበት ይጨናነቅና ግራ ይገባዋል፣ ያኔ ሪሴት ነው። ፍሊፕ 5 እና ቻርጅ 5 ሚባሉት የጄቢኤል ሞዴሎች ላይ ስፒከሩ በርቶ እያለ የድምፅ መጨመሪያውንና ማጫወቻውን አንድ ላይ እስኪጠፋ ድረስ መያዝ ነው። ርካሹ ስፒከር ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሪሴት ሚባል ነገር የለም፣ ደርቆ ከቀረ ባትሪው እስኪያልቅ ትታችሁት ከዛ ቻርጅ አርጋችሁ ማብራት ነው፣ ያስቃል ግን ይሰራል።

የጎረቤት ነገር ደግሞ አለ። ርካሽ ስፒከር ኮድ አይጠይቅም፣ በርቶ ስልክ እየፈለገ ከተቀመጠ ማንም መጥቶ ይገባበታል፣ በር ማንኳኳት የለም። እናት ጠዋት መዝሙር ልትሰማ አብርታ ስልኳን እስክታመጣ ከላይ ያለው ጎረምሳ በስህተት ገብቶበት ቤቱ በሌላ ዘፈን ሲናወጥ አስቡት። ፓስወርድ እናርግለት ብትሉ አብዛኞቹ ላይ አይቻልም፣ ያላችሁ አማራጭ ቶሎ የራሳችሁን ስልክ ማስያዝና ስትጨርሱ ማጥፋት ነው። ጥሩዎቹ ብዙዎቹ በተኑ ካልተጫነ አዲስ ስልክ አይቀበሉም፣ ለኔ ዋጋ ጨምሮ ደህናውን መግዛት ከሚያስገኘው ጥቅም አንዱ ይሄ ነው።

ድምፅ ላይ። ስልኩም ስፒከሩም የየራሳቸው ድምፅ አላቸው፣ አንዳንድ ስልክ ላይ ሁለቱ ተያይዘው አንዱን ስትጨምሩ ሌላውም ይጨምራል፣ አንዳንዱ ላይ ግን ለየብቻ ነው፣ ስለዚህ ስፒከሩ ጥግ ደርሶ ድምፁ ቀጭን ከሆነ የስልኩን እዩ። ስልኩን ከፍ አርጎ በስፒከሩ መቆጣጠር ይሻላል። አሁንም ዝቅ ካለ አንድሮይድ ላይ አንድ መላ አለ፣ ሴቲንግ ውስጥ ስለ ስልኩ ሚለው ጋር ገብታችሁ ቢውልድ ነምበር ሚለውን 7 ጊዜ ንኩ፣ ሬድሚዎች ላይ የሲስተሙን ቨርዥን ነው ምትነኩት፣ ዴቨሎፐር ኦፕሽን ይከፈታል፣ እዛ ውስጥ ዲሴብል አብሶሉት ቮሊዩም ሚለውን አብሩና ብሉቱዙን አጥፍታችሁ መልሱት፣ ድምፆቹ ይለያዩና ሁለቱንም ጥግ ማድረስ ትችላላችሁ። እዛ ገፅ ላይ ሌላ ነገር አትንኩ በናታችሁ።

የስልክ ጥሪ ነገር ደግሞ ሳይረሳ። እንግዳ ሞልቶ ቡና እየተጠጣ አክስት ትደውላለች፣ ታነሱታላችሁ፣ ስለማን እንደምታወራ እግዜር ይወቅ፣ ቤት ሙሉ ሰው ይሰማታል። ይሄ እንዳይሆን ያቺው የጥርስ ምልክት ውስጥ ኮል ሚለውን አጥፉት፣ ሚዲያው ብቻ ይብራ። ሳምሰንግ ያላችሁ ደግሞ ሴፓሬት አፕ ሳውንድ ሚል ድምፅ ሴቲንግ ውስጥ አለ፣ ዩቲዩቡ ብቻ በስፒከሩ ወጥቶ ሌላው በስልኩ እንዲቀር ማረግ ይቻላል፣ የቴሌግራም ጢን ጢን ዘፈኑን እንዳይቆርጠው።

ድምፁ ሚቆራረጥ ከሆነና ባትሪ ካለው፣ ስልኩ የት እንዳለ እዩ። ብሉቱዝ ሚሰራው 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ነው፣ ዋይፋይም ማይክሮዌቭም እዛው ናቸው፣ የሰው ገላ ደግሞ ውሃ ስለሆነ ይውጠዋል፣ ስልክ የኋላ ኪስ ከትቶ ፊቱን ወደ ስፒከሩ አዙሮ ሚጨፍር ሰው ራሱ ነው ሚከልለው። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ፣ ስፒከሩን ከዋይፋይ ራውተሩ አርቁ። ቤዝ ከፈለጋችሁ ደግሞ ግድግዳ ተጠግቶ ወይም ጥግ ላይ ሲሆን ይጨምራል፣ ኮንዶሚኒየም ከሆነ ግን ግድግዳው የጋራ ነው።

ፊልም ስታዩ ከንፈሩና ድምፁ ካልገጠመ ብልሽት አይደለም፣ ብሉቱዝ ትንሽ ይዘገያል። ዩቲዩብ ምናምን ራሳቸው ያስተካክሉታል፣ ያወረዳችሁትን ፊልም በቪኤልሲ ካያችሁ ኦዲዮ ዲሌይ ሚል አለ እያሳነሳችሁ እያበዛችሁ ማስተካከል ነው። ጌም ላይ ግን መፍትሄ የለውም፣ ኦክስ ገመድ መሰኪያ ካለው እሱን ተጠቀሙ።

ሁለት ስፒከር ባንዴ ማስጮህ ምትፈልጉ ሰዎች ከመግዛታችሁ በፊት ይሄን አንብቡ። ርካሾቹ ላይ ቲደብሊውኤስ ተብሎ ከተፃፈ ሁለት አንድ አይነት ሞዴል ያስፈልጋል፣ መጀመሪያ እርስ በርሳቸው ይገናኛሉ ከዛ ስልኩ አንዱን ብቻ ይይዛል። ጄቢኤል ላይ ደግሞ ስሙ አንድ ስለሆነ ሁሉም አብሮ ይሰራል ማለት አይደለም፣ እርስ በርስ ሚገናኙበት መንገድ ይለያያል፣ የእነ ፍሊፕ 4 እና ቻርጅ 4 ኮኔክት ፕላስ ነው ሚባለው፣ የእነ ፍሊፕ 5፣ ፍሊፕ 6፣ ቻርጅ 5 ፓርቲቡስት፣ የአዲሶቹ ፍሊፕ 7 እና ቻርጅ 6 ደግሞ ኦራካስት፣ ሶስቱ አይግባቡም። አንድ ፍሊፕ 6 ያለው ሰው አዲስ ነው ብሎ ፍሊፕ 7 ጨምሮ ቢገዛ ሁለት የማይነጋገሩ ስፒከር ይዞ ይቀመጣል። ፍሊፕ 5 ወይም ቻርጅ 5 ተብሎ የተሸጠላችሁ ደግሞ ጄቢኤል ፖርተብል ሚለው አፕ ላይ ካልመጣ ፎርጅድ መሆኑን ጠርጥሩ።

ኢንተርኔትም ስልክም ሳይኖር ሜሞሪ ወይም ፍላሽ ሰክቶ መስማት ላይ፣ ስፒከሩ አላነብም ካለ ብዙ ጊዜ ሁለት ምክንያት ነው፣ ሜሞሪው ፋት32 በሚባለው አይነት ፎርማት አልሆነም፣ ወይም ዘፈኑ ኤምፒ3 አይደለም። ከቴሌግራም የወረደ ሁሉ ኤምፒ3 አይደለም፣ ኤም4ኤ ከሆነ ስልኩ ላይ ይጫወትና ስፒከሩ ዘሎት ያልፋል። ሬዲዮው ሲንሿሿ ደግሞ የቻርጅ ኬብሉን ስፒከሩ ላይ ሰክታችሁ ሌላውን ጫፍ ዝም ብላችሁ ልቀቁት፣ አንቴና ይሆናል፣ ከዛ ማጫወቻውን ተጭኖ ጣቢያ ማስፈለግ። መብራት ሲጠፋ እነ ቻርጅ 5 ስልክም ቻርጅ ያደርጋሉ፣ ግን ከራሳቸው ባትሪ ነው ሚቀንሰው።

በመጨረሻ ከአሜሪካ ዘመድ ኢኮ ሚባለውን የአማዞን ስፒከር ይዞ ሲመጣላችሁ፣ ይሄኛው እንደሌሎቹ አብርቶ ማገናኘት አይደለም፣ መጀመሪያ አሌክሳ አፕና አካውንት ከዛ ዋይፋይ ይፈልጋል፣ ያ ካለቀ በኋላ ነው እንደ ተራ ብሉቱዝ ስፒከር ምትጠቀሙበት። አማርኛ አይሰማም። አብዛኛው ባትሪ የለውም፣ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፣ እና ከመሰካታችሁ በፊት ቻርጀሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ፅሁፍ አንብቡ፣ ከ100 እስከ 240 ቮልት ካለ ማቀያየሪያ ሶኬት ብቻ ይበቃዋል፣ 120 ብቻ ካለ ግን በኛ 220 እንዳትሰኩት።