የስፒከር ገመድ በተሠራ ቤት ግድግዳ ውስጥ እንዴት ይሳባል

ሰው በሚኖርበት ቤት ግድግዳ መብሳት የመጨረሻው አማራጭ ነው። የስፒከር ገመድ አብዛኛውን መንገድ ግድግዳ ሳይነካ ሊሄድ ይችላል፦ ከኮርኒስ በላይ ባለው ክፍት ቦታ፣ ከዞኮሎ ጀርባ፣ በበር ክፈፍና በግድግዳው መካከል በምትቀረው ክፍተት። ግድግዳ ውስጥ የሚገባው ከኮርኒሱ ወደ ስፒከሩና ወደ አምፕሊፋየሩ የሚወርደው ቁራጭ ብቻ ከሆነ አቧራውም ድካሙም በጣም ይቀንሳል። ስለዚህ ገመድ ከመገዛቱ፣ ድሪልም ከመነሳቱ በፊት መንገዱ ወረቀት ላይ ይሠመር።

መንገዱ

ግድግዳውን በጣት አንጓ ያንኳኩ። ባዶ ድምፅ ከሰጠ በቋሚ ፍሬም ላይ የተመታ ጂፕሰም ቦርድ ነው፤ ጠጣር ድምፅ ከሰጠ ብሎኬት፣ ጡብ ወይም ኮንክሪት ነው። የሁለቱ አሠራር ለየቅል ነው። በተቻለ መጠን ክፍሎችን የሚለዩትን የውስጥ ግድግዳዎች ይምረጡ። የውጪው ግድግዳ ብዙ ጊዜ የሙቀት መከላከያ ስለሚታጨቅበት ገመድ በቀላሉ አያሳልፍም፤ እርጥበትም ያገኘዋል።

ገመዱ ጫፉ ከሚወጣበት፣ ግድግዳ ውስጥ ከሚገባው ሳጥን ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ፣ ወደ ታች ወይም ወደ ጎን ይሂድ። ሰያፍ መንገድ አንድ ሁለት ሜትር ገመድ ያተርፋል፤ ነገር ግን ነገ ሥዕል ለመስቀል ምስማር የሚመታ ሰው ገመዱ የት እንዳለ ሊገምት አይችልም። በዚያው ምክንያት ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ በላይና በታች ባለው ቀጥታ መስመር ላይ የኤሌክትሪክ ገመድ አለ ብለው ያስቡ፤ እዚያ ላይ አይብሱ።

ከመብራት መስመር ጎን ለጎን ሲሄድ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ መሻገር ግድ ከሆነ በ90 ዲግሪ ይሻገር። በነባሩ የመብራት ቱቦ ውስጥ ቦታ ስላለ ብቻ የስፒከር ገመድ መክተት ግን በምንም ምክንያት አይደረግም። ብዙ ሰው የሚፈራው ከመብራት መስመር ወደ ድምፁ የሚገባውን ጉምጉምታ ነው፤ እሱ እንኳ በስፒከር ገመድ ላይ ያን ያህል አያስቸግርም፣ ይበልጥ የሚያስቸግረው ወደ አምፕሊፋየሩ የሚገባውን ደካማ ሲግናል በሚሸከሙት ገመዶች ላይ ነው። እውነተኛው አደጋ ሌላ ነው። ሲሳብ የመብራቱ ገመድ ልባስ ከተላጠ፣ በእጅ የሚነካው የስፒከር ገመድ ማሰሪያ ላይ የቤቱ ኤሌክትሪክ ይመጣል።

ገመዱ

ባለ ሁለት ክር፣ እያንዳንዱ ክር ከብዙ ቀጫጭን ሽቦዎች የተገመደ ንጹሕ መዳብ ይግዙ። ውፍረቱ የሚወሰነው በርቀቱና በስፒከሩ ኢምፒዳንስ (ስፒከሩ ለኤሌክትሪክ በሚያሳየው፣ በኦም በሚለካው ተቃውሞ) ነው፤ የገመዱ የደርሶ መልስ ሬዚስታንስ (የገመዱ የራሱ ተቃውሞ) ከስፒከሩ ኢምፒዳንስ 5 በመቶ እንዳይበልጥ ይፈለጋል። በዚህ ስሌት ለባለ 8 ኦም ስፒከር 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ እስከ 16 ሜትር፣ 2.5 እስከ 27 ሜትር፣ 4 ደግሞ እስከ 43 ሜትር ይበቃል። ስፒከሩ 4 ኦም ከሆነ ርቀቱን በግማሽ ይቀንሱ። በጌጅ ቁጥር የሚሸጥ ከሆነ ቁጥሩ ሲያንስ ገመዱ ይወፍራል፦ 16 ጌጅ 1.3፣ 14 ጌጅ 2.1፣ 12 ጌጅ 3.3 ሚሊ ሜትር ካሬ ገደማ ነው። ጥርጣሬ ካለ 2.5 ይግዙ። ግድግዳ ሁለተኛ የሚከፈትበት ድካም ከገመዱ የዋጋ ልዩነት ይበልጣል።

መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ከመዳብ ጋር ተመሳስሎ ይሸጣል። ከአንዱ ክር አንዲት ቀጭን ሽቦ መዝዘው በምላጭ ፋቅ ያድርጉ፤ ከቀዩ ሽፋን ሥር ነጭ ብረት ከወጣ አሉሚኒየም ነው። ሬዚስታንሱ ከመዳብ ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ነው፣ ሲተጣጠፍም ቶሎ ይሰበራል።

ባዶ ግድግዳና ኮርኒስ ውስጥ ያለ ቱቦ የሚሄድ ገመድ እሳት የማያስተላልፍ የውጭ ልባስ ያስፈልገዋል። በአሜሪካ ደረጃ ለግድግዳ ውስጥ የተፈቀደው ገመድ ላይ ሲኤል2 ወይም ሲኤል3 ተብሎ ተጽፎበታል፤ በሌላ አገር የዚያው አገር ምልክት ይታያል። ወለል ላይ የሚዘረጋው ባለ ግልጽ ፕላስቲክ ገመድ ለዚህ አይሆንም።

ርዝመቱ ሲለካ በመንገዱ ላይ 10 በመቶ፣ በእያንዳንዱ ጫፍ ደግሞ 1 ሜትር ይጨመር። ኮርኒስ ላይ የሚገጠም ስፒከር ወርዶ በእጅ ተይዞ እንዲታሰር ያ ትርፍ ያስፈልጋል። ግድግዳ ውስጥ ገመድ አይቀጠልም። መቀጠል የግድ ከሆነ ክዳኑ በሚከፈት ስካቶላ ውስጥ ብቻ ይሁን።

ባዶ ግድግዳ

ቋሚዎቹ መሃል ለመሃል 40 ወይም 60 ሳንቲ ሜትር ተራርቀው ይቆማሉ። ጠንካራ ማግኔት በግድግዳው ላይ ቀስ ብለው ቢጎትቱ ቦርዱን የያዙት ብሎኖች ላይ ይለጠፋል፤ ብሎኖቹ ከላይ ወደ ታች የተሰለፉበት ቋሚው ነው። ሳጥኑ በሁለት ቋሚዎች መሃል፣ የመብራት ሶኬት በሌለበት ክፍተት ውስጥ ይቀመጥ።

ሙሉውን ቀዳዳ ከመቁረጥዎ በፊት የክፍሉን ብሬከር ያጥፉና መሃሉ ላይ በ6 ሚሊ ሜትር ፑንታ ይብሱ። 15 ሳንቲ ሜትር ላይ የታጠፈ ሽቦ አስገብተው ዙሪያውን ያሽከርክሩ። ሳይጋጭ ከዞረ ቦታው ነፃ ነው፤ ከተጋጨ ደግሞ የሚደፈነው ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ነው። ከዚያ የሳጥኑን ቅርፅ በእርሳስ ከበው በጂፕሰም መጋዝ ይቁረጡ። ከእርሳሱ መስመር በውስጥ በኩል መቁረጥ ይሻላል፤ የጠበበ ይሰፋል፣ የሰፋ ግን ሳጥኑን አይዝም።

ቀጥሎ ከኮርኒስ በላይ ወጥተው በግድግዳው አናት ላይ ያለውን አግዳሚ በ20 ሚሊ ሜትር ፑንታ ይብሱ። የሚስተው እዚህ ነው። ከታች በግምት የተለካ ርቀት ከላይ ሲታይ አይገጥምምና፣ ከታችም ከላይም የሚታይ አንድ ምልክት ይዘው፣ ለምሳሌ የውሃ ቧንቧ ወይም የግድግዳ ማዕዘን፣ ከሁለቱም በኩል ከዚያው ይለኩ። በቀዳዳው ቀጭን የብረት ሰንሰለት ይልቀቁ፤ ሲወርድ ድምፁ ይሰማል፣ ከታች በማግኔት ተስቦ በሳጥኑ ቀዳዳ ይወጣል። ገመዱ በሰንሰለቱ ላይ ታስሮ ይሳባል።

ሰንሰለቱ ግማሽ ላይ ከቆመ ክፍተቱን የሚዘጋ አግዳሚ አለ ማለት ነው። አጠገቡ ያለውን ክፍተት መሞከር ይቀድማል። አማራጭ ከሌለ ከአግዳሚው ፊት 10 በ10 ሳንቲ ሜትር ቦርድ በጥንቃቄ ቆርጠው ያንሱ፣ አግዳሚውን ይብሱና ገመዱን ያሳልፉ፣ ቁራጩንም መልሰው ይግጠሙ። እነዚህ አግዳሚዎች እሳት በግድግዳው ውስጥ ወደ ላይ እንዳይሮጥ ያግዳሉ፤ በገመዱ ዙሪያ የቀረው ክፍተት እሳት በሚቋቋም ማሸጊያ ይደፈን። ቋሚው ወይም አግዳሚው ብረት ከሆነ የተበሳው ጠርዝ ገመድ ይቆርጣልና የላስቲክ ቀለበት ይግባበት።

የብሎኬት ግድግዳ

እዚህ ያለ ቱቦ አይሠራ። ለአንድ ገመድ 20፣ ለሁለት 25 ሚሊ ሜትር ቱቦ ይበቃል። ገመድ በቀጥታ ተለስኖ ከተቀበረ አንድ ቀን ሲበላሽ ግድግዳው እንደገና ይፈረካከሳል፤ በቱቦ ከሆነ ተስቦ ይቀየራል።

ከቱቦው 1 ሳንቲ ሜትር በሚሰፋ ርቀት ሁለት ትይዩ መስመር በግራይንደር ይቁረጡ፣ መሃሉን በመሮና በመዶሻ ያንሱ። ጥልቀቱ ቱቦው ከልስኑ ፊት ቢያንስ 1 ሳንቲ ሜትር እንዲገባ የሚያደርግ ይሁን። የእንግሊዝ የግንባታ መመሪያ የሚያስቀምጠው ገደብ ለማንም ይጠቅማል፦ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ቦይ ከግድግዳው ውፍረት ሲሶ፣ አግድም የሚሄድ ደግሞ አንድ ስድስተኛ አይለፍ። የአግድሙ ገደብ የጠበቀው ሸክም የሚወርድበትን ግድግዳ በወገቡ ስለሚቆርጠው ነው። በግድግዳው ሁለት ፊት ትይዩ ቦታ ላይ አይቆረጥም። ዓምድ፣ ምሰሶና የበር ራስ ላይ ያለው ኮንክሪት ፌሮ ስላለበት አይነካም።

ሥራው በሚሠራበት ግድግዳ ያለው ብሬከር ይጥፋ፣ ግራይንደሩ ኃይል ከሌላ መስመር ያግኝ። የሲሚንቶና የብሎኬት አቧራ ሳንባ የሚጎዳ ሲሊካ አለው፤ ጨርቅ አይመልሰውም፣ ኤን95 ወይም ከዚያ የተሻለ ጭምብል ያድርጉ፣ መነጽርም እንዲሁ። የበሩን ሥር በእርጥብ ጨርቅ ይዝጉ፤ አለበለዚያ አቧራው የቤቱን ዕቃ ሁሉ ያገኛል።

ቱቦው በሰፊው ይታጠፍ፣ በሁለት ሳጥኖች መካከልም ከሁለት መታጠፊያ አይብለጥ። ከመቀበሩ በፊት ውስጡ ጠንካራ ሲባጎ ይተው። በየ40 ሳንቲ ሜትሩ በጥቂት ጂፕሰም ካሰሩት በኋላ ቦዩን በብሩሽ ጠርገው በውሃ ያርጥቡ። ደረቅ ብሎኬት የሞርታሩን ውሃ ይመጠዋል፣ ሞርታሩም ሳይጠነክር ይሰነጠቃል። በአንድ ጊዜ ሞልቶ መጨረስም ያው ስንጥቅ ያመጣል። መጀመሪያ ከግድግዳው ፊት 5 ሚሊ ሜትር ዝቅ አድርገው ይሙሉ፣ በማግስቱ መረብ ለጥፈው በልስን ያስተካክሉ፣ ሲደርቅ ስቱኮ። ቀለሙ ጥገናው ላይ ብቻ ከተቀባ ግርፋት ይመስላል፤ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ይቀባ።

መሳብና መፈተሽ

አንድ ሰው ይሳብ፣ ሌላው በወዲያኛው ጫፍ እየገፋ ይልቀቅ። ሲታሰር የገመዱን ክሮች አንዱን ረዘም አንዱን አጠር አድርገው በደረጃ ይቁረጡና በናስትሮ እንደ ሾጣጣ ይጠቅልሉት፤ ጉብታ ያለው ቋጠሮ መታጠፊያ ላይ ይያዛል። ከተያዘ ትንሽ መለስ አድርገው ይሞክሩ። በኃይል መጎተት ክሩን ይበጥሳል፣ መበጠሱም ከልባሱ ውጭ አይታይም። ከመሳብዎ በፊት በሁለቱም ጫፍ ተመሳሳይ ቁጥር ይጻፉ።

ፍተሻው ቀዳዳው ከመደፈኑ በፊት ነው። ስፒከሩን ከሩቁ ጫፍ ያስሩ፣ ከአምፕሊፋየሩ በኩል ገመዱን ነፃ አድርገው በመልቲሜትር ኦሙን ይለኩ። ባለ 8 ኦም ስፒከር 6 ወይም 7 ያሳያል፣ የገመዱ ጥቂት ተጨምሮበት። ምንም ካላሳየ ተበጥሷል ወይም አልታሰረም። ወደ ዜሮ ከተጠጋ ሁለቱ ክሮች ተነካክተዋል፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከማሰሪያው ያፈነገጠች አንዲት ፀጉር መሳይ ሽቦ ናት። እንዲህ ሆኖ ከተከፈተ ወይ አምፕሊፋየሩ ራሱን ያጠፋል፣ ወይ ይቃጠላል። ልባሱን 12 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ልጠው፣ ሽቦዎቹን አጥብቀው ገምደው ያስሩ።

ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን ለመለየት 1.5 ቮልት ባትሪ ይበቃል። የባትሪውን ፖዘቲቭ፣ ፖዘቲቭ ይሆናል ብለው ባሰቡት ክር፣ ኔጌቲቩን በሌላው ክር ለቅጽበት ብቻ ያስነኩ። የባሱ ሸራ ወደ ፊት ከወጣ ትክክል ነው፣ ወደ ኋላ ከገባ ተገልብጧል። ከሁለት ስፒከሮች አንዱ ሲገለበጥ ባሱ ይሳሳል፣ ድምፁም ከመሃል ሳይሆን ከየትም የሚመጣ ይመስላል። ሲያስተካክሉ በአንድ ጫፍ ብቻ ይቀይሩ፤ በሁለቱም ከቀየሩ ወደነበረበት ይመለሳል።