የናፍጣ መኪና አቁማችሁ ለወራት ልትርቁ ከሆነ እንዲህ አድርጉ

እኔ አይሱዙ ኤፍኤስአር ጭነት መኪና አለችኝ፣ የማቆማትም ሱሉልታ ነው። እናቴን ለማስታመም ወደ ሀገር ቤት ሄጄ 9 ወር ስቆይ ለግቢው ዘበኛ ቁልፍ ሰጥቼ «አባባ በየ3 ቀኑ ጠዋት ጠዋት አስነስተው ትንሽ ያሙቁልኝ» ብዬ ነበር የሄድኩት፣ እሳቸውም አንድ ቀን ሳያጎድሉ ያልኳቸውን አደረጉ። ተመልሼ የዘይት መሙያውን ክዳን ስከፍት ክዳኑ ስር እርጎ የመሰለ ነጭ ነገር ተለጥፏል፣ የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥቼ ሳሸተው ናፍጣ ናፍጣ ይላል፣ ባትሪው ደግሞ ሞቷል። ጥፋቱ የሳቸው አልነበረም፣ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ይሄንን የምጽፈው ሌላ ሰው እንዳይደግመው ነው ምክንያቱም እስካሁን ድረስ «አሙቅልኝ» ብሎ የማይሄድ ባለመኪና አላየሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ናፍጣ ሲቃጠል ውሃ በእንፋሎት መልክ ይፈጠራል፣ ሞተሩ በደንብ ከሞቀ እንፋሎቱ ተኖ ይወጣል፣ ቀዝቃዛ ከሆነ ግን ውስጥ ላይ ውሃ ሆኖ ይቀርና ከዘይቱ ጋር ይደባለቃል፣ ያ እርጎ የመሰለው ነገር እሱ ነው። ቀዝቃዛ ሞተር ላይ ናፍጣውም በደንብ ስለማይቃጠል በፋሻው (በፒስተኑ ቀለበት) በኩል እየሾለከ ወደ ዘይቱ ይወርዳል፣ ዘይቱም ይቀጥናል። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ውስጥም ውሃ ይጠራቀምና ከውስጥ ይዝጋል። ባትሪውም ቢሆን ሞተሪኖው ለማስነሳት የበላውን ኃይል 5 ደቂቃ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ቆሞ) መስራት አይመልስለትም፣ ስለዚህ በየ3 ቀኑ ትንሽ ትንሽ እያለ ያልቃል። የናፍጣ ሞተር ደግሞ ቆሞ በሚኒሞ ቶሎ አይሞቅም፣ የሚሞቀው ሲነዳ ነው። እና ምርጫው ሁለት ነው፣ ወይ በወር አንዴ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ቢያንስ 30 ደቂቃ ይንዳት (እኔ አሁን ወንድሜን እስከ ጫንጮ ደርሰህ ተመለስ ነው የምለው) ወይ ደግሞ ጭራሽ አይንኳት። መሃሉን እርሱት።

ከመሄዳችሁ በፊት ምን ምን እንደምትሰሩ በተራ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ቦታው። ሱሉልታም ሆነ ዱከም፣ አቃቂም ሆነ ሰበታ በኩል ብዙው መሬት ዋልካ ነው፣ በጋ ላይ እንደ ድንጋይ ደርቆ ይሰነጠቅና ሐምሌ ላይ ጎማ ይውጣል። የጎረቤቴ መኪና ክረምቱን ቆማ የኋላ ጎማዎቿ እስከ ቸርኬው ሰምጠው መስከረም ላይ በሌላ መኪና ነው ተጎትታ የወጣችው። ጎማው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ብቻ እንኳን ቢሆን ገረጋንቲ አስደፉ፣ ካልሆነም ወፍራም ጣውላ ከስር አድርጉ። ጭነት ካለ አራግፉ። ሜዳ ቦታ ምረጡ፣ የዝናብ ውሃ የሚወርድበት ቦይ ላይ እንዳትሆን እዩ።

ሁለተኛ ዘይትና ውሃ። የሚቀየርበት ኪሎሜትር ባይደርስም ዘይቱንና የዘይት ፊልትሮውን ከመሄዳችሁ በፊት ቀይሩ። «ልሄድ ስል ምን ብዬ እቀይራለሁ፣ ስመለስ እቀይረዋለሁ» የሚል ሰው ብዙ ነው ግን ያገለገለ ዘይት ውስጥ ጥላሸትም አሲድም እርጥበትም አለ፣ ለወራት ዝም ብሎ ሲቀመጥ ብረቱን ይበላል። ከቀየራችሁ በኋላ ግማሽ ሰዓት ንዷት፣ አዲሱ ዘይት ሁሉም ጋ እንዲደርስ። ራዲያተር ውስጥ የቧንቧ ውሃ ብቻ ካለ አውጡትና ኩላንት ከንጹህ ውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ አድርጋችሁ ሙሉት። ህዳርና ታህሳስ ሱሉልታ ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ ከብርዱ ይልቅ ግን የሚያሰጋው ዝገቱ ነው።

ሦስተኛ ናፍጣ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ። ታንኩ ጎዶሎ ከሆነ ባዶው ቦታ አየር ነው፣ ቀን ፀሐይ ሲያሞቀው አየሩ ይወጣል፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ እርጥብ አየር ይገባል፣ እርጥበቱ በታንኩ ግድግዳ ላይ ጠል ሆኖ ወደ ታች ይወርዳል። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ከስር ይተኛል። ውሃውና ናፍጣው በሚገናኙበት ቦታ ደግሞ በዓይን የማይታዩ ህዋሳት ይራባሉ፣ እነሱ የሚሰሩት ዝቃጭ ነው ፊልትሮ የሚደፍነው። እኔ ስመለስ የፊልትሮውን የውሃ ማውጫ ብሎን ፈትቼ በተቆረጠ የሃይላንድ ላስቲክ ተቀበልኩት፣ መጀመሪያ ደፍራሽ ውሃ መጣ፣ ቀጥሎ የጠላ አተላ የመሰለ ቡናማ ነገር ዝልግልግ እያለ ወረደ፣ ንጹህ ናፍጣ የታየኝ ሁለት ላስቲክ ካፈሰስኩ በኋላ ነው። ያ ነገር ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚገፋውና የሚረጨው ፖምፓና ኖዝል ውስጥ ቢገባ ወጪውን አስቡት።

ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት የታንኩንም የፊልትሮውንም ውሃ አውጡ፣ ከዛ ታንኩን ሙሉት፣ ናፍጣው ሲሞቅ የሚሰፋባት ትንሽ ቦታ ብቻ ትቅር። ሙሉ ታንክ ትቶ መሄድ ያስፈራል፣ ናፍጣ በጎማ ተስቦ የሚሰረቅበት ሀገር ነው ያለነው፣ ይገባኛል። ቁልፍ ያለው ክዳን ግጠሙ፣ የታንኩን ጎን ወደ ግንብ አስጠግታችሁ አቁሙ፣ የናፍጣ ጌጁን ፎቶ አንስታችሁ ያዙ። እንደዛም ሆኖ ቦታው የማይታመን ከሆነ ትንሽ ብቻ ትታችሁ ሂዱ፣ ስትመለሱ ግን የቀረውን ሳታስነሱ በፊት አውጥታችሁ ድፉ። እኔ ብጠየቅ መሙላቱን ነው የምመርጠው። ናፍጣ በጥሩ ሁኔታ ከተቀመጠ ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ይቆያል።

ባትሪ። እንደኔዋ ያለ ጭነት መኪና 24 ቮልት ነው፣ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪ በተከታታይ ተያይዞ ማለት ነው። ስትፈቱ ከሻሲው ጋር የተያያዘውን ኔጌቲቭ ካቦ አስቀድሙ፣ ፖዘቲቩን አስቀድማችሁ ቁልፋችሁ ብረት ከነካ ብልጭታ ነው። ስትመልሱ ኔጌቲቩ መጨረሻ ይሁን። አውጥታችሁ ቤት ብታስገቡት ይሻላል፣ ሌባ እንዳይወስደው። «ሲሚንቶ ላይ ከተቀመጠ ይሞታል» የሚባለው ለዛሬዎቹ የፕላስቲክ ባትሪዎች አይሰራም፣ የሚገድለው ባዶውን መቀመጡ ነው፣ ውስጡ ያሉት ሳህኖች ላይ ሰልፌት ይጋገርና ከዛ በኋላ ቻርጅ አይቀበልም። ቴስተር ካላችሁ አንዱ ባትሪ ሙሉ ሲሆን 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፣ ከ12.4 ከወረደ ቻርጅ አድርጉት። በየወር ተኩሉ አንዴ ቻርጅ የሚያደርግ ሰው ካለ ባትሪው ምንም አይሆንም።

ጎማና ፍሬን። ጎማውን ጎሚስታ ጋ ወስዳችሁ ከወትሮው ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ አስነፉ፣ ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ገደብ ሳያልፍ። እኛ ጋ ከፍታው ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነ ፀሐዩ ጎማ ይሰነጥቃል፣ ማዳበሪያ ጆንያም ቢሆን አልብሱት። የእጅ ፍሬን ስባችሁ ለወራት አትተዉ፣ በእርጥበት የፍሬን ሸራው ከታምቡሩ ጋር ይጣበቃል። ማርሽ አስገቡና ከፊትም ከኋላም ታኮ አድርጉ፣ ታኮው ጠንካራ ይሁን፣ የተፈረከሰ ብሎኬት አይበቃም። እንደ ሲኖትራክ ፍሬናቸው ሙሉ በሙሉ በአየር የሚሰራው ግን አየሩ ሲያልቅ በስፕሪንግ ራሳቸው ይይዛሉ፣ እነሱ ላይ ያለው መፍትሄ ከላይ እንዳልኩት በወር አንዴ ቢያንስ 30 ደቂቃ መንዳት ነው። የአየር ታንኩን ውሃም አፍስሱ።

አይጥ እንዳትረሱ። ረዳቱ ጋቢና ውስጥ የተዋት አንድ እፍኝ ቆሎ ለአይጥ ግብዣ ናት፣ ከዛ በኋላ ወንበሩንና የኤሌትሪክ ሽቦውን ትበላለች። ጋቢናውን ጠርጉ፣ የማርሚታውን አፍና የአየር ማስገቢያውን በጨርቅ ወትፉ፣ ከዛ ቀይ ጨርቅ መሪው ላይ እሰሩ፣ ስትመለሱ ወይም ሌላ ሰው ሊያስነሳ ሲል ውታፉን እንዲያስታውስ።

ወረቀቱ አጭር ነው። ሊብሬውን ጋቢና ውስጥ አትተዉ፣ ቤት ይቀመጥ። ቦሎና 3ኛ ወገን ኢንሹራንስ የሚያልቅበትን ቀን አይታችሁ ሂዱ፣ በወር አንዴ መንገድ የምትወጣ ከሆነ ሁለቱም ያስፈልጓታል፣ እናንተ ሳትኖሩ የሚያሳድስ ሰው ውክልና ይኑረው።

ለዘበኛውም በግልጽ ንገሩ። እኔ አሁን የምለው «አባባ አያስነሷት፣ ከስር የሚንጠባጠብ ነገር ካዩ፣ ጎማ ከቀነሰ፣ ጎማውን ያለበስኩት ጆንያ በንፋስ ከተነሳ ይደውሉልኝ» ነው። የካርድ ትንሽ ነገር ትታችሁላቸው ሂዱ።

ስትመለሱ አትቸኩሉ። ውታፉን አውጡ፣ ዘይትና ኩላንት እዩ፣ ቤልቱንና ጎማ ቱቦዎቹን በእጅ እየጨመቃችሁ ስንጥቅ ፈልጉ፣ የፊልትሮውን ውሃ አፍስሱ፣ በናፍጣው የእጅ ፓምፕ እስኪከብዳችሁ ድረስ እየጫናችሁ የናፍጣ መስመሩን አየር አስወጡ። የድሮ ዓይነት ማጥፊያ ሽቦ ያላት ከሆነች ሽቦውን ስባችሁ ሳትነሳ ለ10 ሰከንድ ያህል ሞተሪኖ ምቱ፣ ዘይቱ ወደ ላይ እንዲደርስ። ከዛ አስነሱ። ካልተነሳች ከ10 ሰከንድ በላይ አትያዙ፣ 1 ደቂቃ እያሳረፋችሁ ሞክሩ፣ ሞተሪኖ የሚቃጠለው በዚህ ነው። ከተነሳች በኋላ የዘይት መብራቱ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ካልጠፋ ወዲያው አጥፉ። መጀመሪያ ላይ ነጭ ጭስ ብታዩ አትደንግጡ፣ ስትሞቅ ይጠፋል፣ ሞቃም ከቀጠለ ግን መካኒክ ይያት።

ፍሬኑን ግቢ ውስጥ ደጋግማችሁ ሞክሩ፣ በተለይ እንደኔ ከሱሉልታ ወደ አዲስ አበባ የምትገቡ፣ ከእንጦጦ ወደ አዲሱ ገበያ ያለው ቁልቁለት የተጣበቀ ወይም የዛገ ፍሬን የሚሞከርበት ቦታ አደለም። የመጀመሪያውን ቀን ባዶዋን ንዷት። ከሳምንት በኋላ የጎማ ብሎኖቹን አጥብቁ፣ የናፍጣ ፊልትሮውንም ያኔ ቀይሩት፣ ከታንኩ ስር የተናወጠው ዝቃጭ ወደ ፊልትሮው የሚመጣው በነዚያ ቀናት ነው።