የታንክ ጌም ተጫዋቾችና የታንክ ታሪክ ወዳጆች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አራት ኪሎ ወደምትገኝ አንዲት ጌም ቤት ጎራ የሚል ሰው፣ በኳስ ጌሙ ጫጫታ መሀል ስለ ታንክ የሚካሄድ ክርክር መስማቱ አይቀርም። የጀርመኑ ታይገር ይበልጣል ወይስ የሶቪየቱ ቲ-34፣ አዲሱ አፕዴት የትኛውን ታንክ አዳከመ፣ የትኛውንስ አጠነከረ የሚለው ጉዳይ ድምፅ ከፍ ያስደርጋል። እኔም ስለ ብረት ለበስ ተሽከርካሪዎች ማንበብ የጀመርኩት በዚሁ ክርክር ተስቤ ነው፤ ከዚህ በታች የማነሳቸውን ስህተቶች ደግመው ደጋግመው ሲሠሩ አይቻለሁ፣ አንዳንዶቹንም ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

የመጀመሪያውና የብዙዎቹ ምንጭ የሆነው ስህተት አፕዴትን እንደ ታሪክ ማስረጃ መቁጠር ነው። ጌም ሠሪው የአንድን ታንክ ጥይት የማጉረሻ ጊዜ ሲያሳጥር ወይም ሲያስረዝም፣ በአብዛኛው ምክንያቱ ያ ታንክ ከሚገባው በላይ ማሸነፉ ወይም መሸነፉ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ወርልድ ኦፍ ታንክስ የተባለው ጌም 1.13 አፕዴት ከሩቅ የሚተኩሱትን የመድፍ ተሽከርካሪዎችና የፈንጂ ጥይቶችን አሠራር ሲለውጥ፣ የለወጠው የጨዋታውን ሚዛን ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተተኮሰው ጥይት ግን እንደነበረ ነው። እንዲሁም በዚህ ጌም ታንኩ በተመታ ቁጥር «ደሙ» እየቀነሰ ይሄዳል፤ በእውነተኛው ጦርነት ግን አንድ ታንክ ብዙ ጥይት ተቀብሎ ሳይበሳ ጉዞውን ሊቀጥል፣ ሌላው ደግሞ ጥይቱ በተከማቸበት ቦታ አንዴ ተመትቶ ሊጋይ ይችላል። ዋር ተንደር የተባለው ጌም በዚህ ረገድ የተለየ መንገድ ይከተላል፤ «ደም» ትቶ የተመታው የታንኩ ክፍልና የተጎዳው ሰው ማን እንደሆነ ያሰላል። ስለዚህ በአንዱ ጌም የተማሩትን ለሌላው መጠቀምም ሆነ ሁለቱንም ለታሪክ ምስክር አድርጎ ማቅረብ ያሳስታል።

ሁለተኛው ስህተት የብረትን ውፍረት በሚሊሜትር ብቻ ማወዳደር ነው። የታይገር የፊት ብረት 100 ሚሊሜትር፣ የቲ-34 የፊት ብረት ደግሞ 45 ሚሊሜትር መሆኑን ያነበበ አንድ ታዳጊ፣ «ታዲያ ቲ-34 በምን ይተርፋል?» ብሎ ጠየቀኝ። ከአጠገባችን ካለው ሱቅ ዳቦ አስመጣሁና መጀመሪያ ቀጥ አድርጌ፣ ቀጥሎም በሰያፍ ቆረጥኩለት። በሰያፍ የተቆረጠው ገጽ በግልጽ ረዘመ፤ ዳቦው ግን ያው ዳቦ ነው። የቲ-34 የፊት ብረት ከቀጥተኛው አቋም 60 ዲግሪ ያህል የተጋደመ ስለሆነ፣ ከፊት በአግድም የሚመጣ ጥይት 90 ሚሊሜትር ብረት ማለፍ ይኖርበታል። የታይገር የፊት ብረት በአንጻሩ ቀጥ ወዳለው ያደላል። ሆኖም ይህ ስሌት የሚሠራው ጥይቱ ከዚያ አቅጣጫ ሲመጣ ብቻ ነው፤ ታንኩ ቁልቁለት ሲወርድ ወይም ከተራራ አናት ሲተኮስበት ያ ሰያፍ ጥቅሙ ይቀንሳል። ኮረብታ ላይ መቆም የሚወድ ተጫዋች ይህን ሳያውቅ በእጁ ይጠቀምበታል።

ሦስተኛው ስህተት የእኛ የኢትዮጵያውያን ብቻ ሲሆን፣ እርሱም የዘመን አቆጣጠርን መደባለቅ ነው። ጣሊያን በወረራው ጊዜ ያመጣችው ሲቪ-33 የተባለው ትንሽ ታንክ ቁጥሩን ያገኘው ከ1933 እ.ኤ.አ. ነው። ይህን ቁጥር በእኛ አቆጣጠር የሚያነብ ሰው፣ ጃንሆይ ሚያዝያ 27 ቀን ወደ አዲስ አበባ ከተመለሱበት ዓመት ጋር ያጋጥመዋል፤ ጣሊያን ተሸንፋ በወጣችበት ዓመት ታንኩ ተሠራ ማለት ይሆንበታል። ከዚህ ጋር ተያይዞ በታንክ ስም ላይ ያለን ቁጥር ሁሉ የምርት ዓመት ማድረግም ስህተት ነው። ቲ-34 መመረት የጀመረው በ1940 እ.ኤ.አ.፣ ሌላው የሶቪየት ታንክ ቲ-55 ደግሞ በ1958 እ.ኤ.አ. ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ አራተኛው ስህተት፣ ታንክ ያለው ወገን ሁልጊዜ ያሸንፋል የሚለው እምነት ነው፤ ምክንያቱም ይህን የሚያፈርሰው ታሪክ የራሳችን ነው። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. የራስ እምሩ ጦር ተከዜን ተሻግሮ በደምበጉና መተላለፊያ ከጣሊያን ጦር ጋር ሲጋጠም፣ ሲቪ-33 ታንኮች ለጣሊያን ተሰልፈው ነበር። ታንኩ ከሦስት ቶን ብዙም አይበልጥም፤ ሁለት ሰው ይይዛል፤ በዙሪያው የሚሽከረከር ቱሬት (መሣሪያውን የሚይዘው የላይኛው ክፍል) ስለሌለው መትረየሶቹ ወደፊት ብቻ ይመለከታሉ። በሰፊ ሜዳ ይህ ጉድለት ላይጎላ ይችላል፤ በጠባብ ድንጋያማ መተላለፊያ ግን ከጎንና ከኋላ የሚመጣውን ተዋጊ መመለስ አቃተው። ታንኮቹ ተያዙ፣ ጣሊያኖችም ወደኋላ ለማፈግፈግ ተገደዱ። ሬኖ ኤፍቲ የተባለው የፈረንሳይ ታንክ በ1917 እ.ኤ.አ. ሙሉ በሙሉ የሚዞር ቱሬት ይዞ ብቅ ማለቱን ያነበበ ሰው፣ ያ ቴክኒክ ለምን ያን ያህል እንደተወደደ ደምበጉናን ሲያስብ በደንብ ይገባዋል።

በወረቀት ብቻ የቀሩ ታንኮችን ከእውነተኞቹ ጋር መደመር አምስተኛው ስህተት ነው። በጌም ውስጥ በየቀኑ የምናገኘው የጀርመኑ ኢ-100 ሙሉ ሆኖ አልተሠራም፤ ጦርነቱ ሲያልቅ የተገኘው ያልተጠናቀቀ አካሉ ነው። 188 ቶን የሚመዝነው ማውስም ከሁለት ሙከራዎች አላለፈም። ጀርመን በሺህ የሚቆጠሩ ማውሶች እንዳሰለፈች አድርጎ መከራከር ተገቢ አይሆንም። ሰንሰለት ያለውን ሁሉ ታንክ ማለትም እንዲሁ ሊታረም ይገባል፤ ወታደር የሚያጓጉዘው ብረት ለበስና ታንክ የተለያየ ሥራ አላቸው።

በአፕዴት አወራረድ ላይ የሚሠሩት ስህተቶች አጭር መልስ ያላቸው ናቸው። ጊጋባይት የሚበላ አፕዴት በቀን ዳታ ማውረድ ጥቅሉን ሳይታሰብ ያሟጥጣል፤ ለሌሊት የሚሸጠውን ጥቅል ወይም ዋይፋይ መጠበቅ ይሻላል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት በኮምፒውተር መጀመር ፋይሉን ሊያበላሽ ይችላል። በቴሌግራም የሚላክን «የተስተካከለ» የጌም ፋይል መጫን ከሁሉ የከፋ ነው፤ አንድ ጓደኛዬ ለዓመታት የገነባውን አካውንት ያጣው በዚህ መንገድ ነው።

የመጨረሻው ስህተት ታንክን ሰው እንደሌለበት ዕቃ ማየት ነው። የመጀመሪያው ቲ-34 አዛዡን መድፍ ተኳሽም ያደርገው ስለነበር፣ አዛዡ ዙሪያውን የሚያይበት ጊዜ ያጥረው ነበር፤ በ1944 እ.ኤ.አ. የተሰለፈው ቲ-34-85 ሦስት ሰው የሚይዝ ቱሬት ያገኘው ለዚህ ነው። ይህን ነገር በዓይኔ ያሳዩኝ ግን በአገራችን የምሥራቅ ጦር ግንባር በቲ-55 ላይ የተሰለፉ አንድ አዛውንት ናቸው። የልጅ ልጃቸውን ሊጠሩ ጌም ቤቱ ገብተው፣ ልጁ ተኩሶ ማጉረሻው እስኪሞላ ሲጠብቅ አዩት።

«አጉራሹ የታለ?» ብለው ጠየቁ።

«ጋሼ፣ ራሱ ነው የሚጎርሰው።»

«ራሱ አይጎርስም። እኔ ነበርኩ የማጎርሰው» አሉና ሁለት እጃቸውን ሕፃን እንደሚያቅፍ ሰው ዘርግተው፣ 30 ኪሎ የሚደርሰውን የ100 ሚሊሜትር ጥይት አነሳስ አሳዩት። ልጁ በደቂቃ ስንት ያጎርሱ እንደነበር ጠየቃቸው።

«ቆሞ ሲተኮስ ሌላ ነው። ሲሄድ ግን መጀመሪያ ራስህን ነው የምትይዘው።»

ልጁ መቆጣጠሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና የተቀመጡት በየት በኩል እንደነበር ጠየቃቸው። «በመድፉ በስተቀኝ፣ ብቻዬን» አሉት።