የአርማታ ፓነል ፋብሪካ ሲዘጋ፣ ፕላኖቹን ስናስቀምጥ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ኮልስቪል ሮድን በየቀኑ የሚመላለስበት ሐበሻ ብዙ ነው። ከመንገዱ ዳር ያሉትን ያሸበረቁ ትንንሽ ቤቶች ልብ የሚላቸው ግን ጥቂት ነው። ግድግዳቸው ቀለም አልተቀባም። ከፋብሪካ ተሠርቶ መጥቶ የተገጠመ የአርማታ ፓነል ነው፤ ቀለሙ የመጣው ከውስጡ ከሚታየው ጠጠር ነው። ቤቶቹን እ.ኤ.አ. በ1934 እና በ1935 የሠራው ጆን ኧርሊ የተባለ ባለሙያ ነው። ብዙዎቻችን ማልኮም ኤክስ ፓርክ የምንለው የዋሽንግተኑ ሜሪዲያን ሂል ፓርክ ግድግዳዎችም የሱ ስቱዲዮ ሥራ ናቸው። ቺካጎ አጠገብ ዊልሜት ያለውን የባሃኢ እምነት ቤተ መቅደስ የሸፈነውን እንደ ጥልፍ የተፈለፈለ ነጭ ፓነልም ያመረተው ይኸው ስቱዲዮ ነው።

ኧርሊ በ1945 አረፈ። ስቱዲዮው ከሱ በኋላ ለዓመታት ሠርቶ በ1970ዎቹ ተዘጋ። ሕንጻዎቹ ግን ዛሬም ቆመዋል፣ ዛሬም ጥገና ይፈልጋሉ። በዓለም ላይ እንዲህ ተዘግተው የቀሩ የፓነል ፋብሪካዎች ብዙ ናቸው። ፕላኖቻቸው በወራሽ፣ በመጋዘን ባለቤት ወይም በቀድሞ መሐንዲስ እጅ ይገኛሉ። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚሳሳቱት በቅን ልቦና ነው።

«የአርክቴክቱ ፕላን ካለ ይበቃል» ማለት

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። የአርክቴክቱ ፕላን ሕንጻው ምን እንደሚመስል ይነግረናል። ፓነሉ ያለበትን ቦታ በመስመር ያሳያል፣ ቁመትና ስፋቱን ይጽፋል፣ እዚያው ያበቃል። ፓነሉ ከሕንጻው አጽም ጋር በምን ተያያዘ? ማሰሪያ ብረቱ የት ነው የተቀበረው? ፌሮው ከገጹ ስንት ሴንቲሜትር ገባ ብሎ ነው የተኛው? ይህን የሚመልሰው ፋብሪካው ለራሱ ሠራተኞች ያወጣው ሾፕ ድሮዊንግ ነው።

ሃምሳ ዓመት የሞላው ፓነል ዝናብ ሲገባበት መጀመሪያ የሚዝገው የማይታየው ብረት ነው። ብረት ሲዝግ ያብጣል፣ አርማታውን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ፕላኑ ያለው መሐንዲስ የት እንደሚመረምር ያውቃል። የሌለው ግን በመሣሪያ እየፈለገ፣ አንዳንዴም ደህናውን ፓነል እየበሳ ነው የሚያገኘው። ከታች ደግሞ ሰው ያልፋል።

ቆንጆ ቆንጆውን መርጦ ሌላውን መጣል

ሰው መሳቢያ ሲከፍት ዓይኑ የሚያርፈው የሕንጻውን ፊት በሚያሳየው ትልቅ ሥዕል ላይ ነው። እሱ በፍሬም ይሰቀላል። ዝርዝር የተጻፈባቸው ትንንሽ ወረቀቶች ቆሻሻ ውስጥ ይገባሉ። ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው።

አንድ ተራ ሉህ እንይ። ከታች በቀኝ በኩል የሥራ ቁጥር አለ። መሐል ላይ የአንድ ፓነል ሥዕል፣ አጠገቡ «ፒ-14» የሚል ምልክት። ይኸው ምልክት ፓነሉ ጀርባ ላይም ተጽፎ ወጥቷል። በሌላ ወረቀት ላይ ፒ-14 ስንት ፍሬ እንደተመረተ፣ መቼ እንደተሞላ፣ በየትኛው ድብልቅ እንደተሠራ ሰፍሯል። በሦስተኛው ላይ ደግሞ የትኛው ፎቅ፣ በየትኛው ማዕዘን እንደተገጠመ አለ። ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ያስተማምናሉ። ሥዕሉ ብቻውን ከቀረ ግን የማን ሕንጻ፣ የትኛው ግድግዳ እንደሆነ የሚናገር የለም።

ስለዚህ ምንም ነገር ከማንሳታችሁ በፊት መሳቢያውን እንዳለ ፎቶ አንሱት። ቅደም ተከተሉ ትርጉም የለሽ ቢመስላችሁም አታፍርሱት፤ ፋብሪካው ለራሱ የሚመች ምክንያት ነበረው። የሥራ ቁጥር መዝገቡን ካገኛችሁ ከሁሉም በፊት ደህና ቦታ አስቀምጡት።

ወረቀት ሁሉ አንድ ነው ብሎ ማሰብ

አይደለም። ነጭ መስመር በሰማያዊ መደብ ላይ ያለበት ብሉ ፕሪንት ብርሃን ያደበዝዘዋል፣ አልካላይን የሆነ ነገርም ያጠፋዋል። ለሌላ ሰነድ የሚመከረው አሲድን ለመከላከል ኖራ ነክ ነገር የተጨመረበት ፎልደር ለብሉ ፕሪንት አይሆንም። በነጭ ወረቀት ላይ ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ መስመር ያለው፣ በአሞኒያ የሚታጠበው ዳያዞ ኮፒ ደግሞ ራሱ እየደበዘዘ አጠገቡ ያለውን ሰነድ ያበላሻል። እሱን ለብቻው ለዩት።

በድሮ ጊዜ ፕላን የሚነሳበት ሰማያዊ ቀመስ ስስ ጨርቅም አለ። ስታርች የተቀባ ጨርቅ ነው። አቧራውን ላጽዳ ብሎ በእርጥብ ጨርቅ የጠረገው ሰው ስታርቹንና ቀለሙን አብሮ ያነሳዋል። ማይላር የምንለው የፕላስቲክ ፊልም ጠንካራ ነው፤ በላዩ ላይ ያለው እርሳስና ቀለም ግን በቀላሉ ይፋቃል።

ጠቅልሎ፣ በላስቲክ አስሮ፣ ቤዝመንት ማስገባት

አሜሪካ ውስጥ የተለመደው ቦታ ቤዝመንት ወይም ጋራዥ ነው። ቧንቧ የሚፈነዳውም፣ ጎርፍ መጀመሪያ የሚገባውም እዚያው ነው። ከውኃ የተረፈውን ሻጋታና አይጥ ይጨርሰዋል። ፕላን በሰፊ መሳቢያ ውስጥ ተዘርግቶ ቢቀመጥ ይመረጣል። በጣም ትልቅ ከሆነ ወፍራም የካርቶን ቱቦ ውስጥ አታስገቡት፤ ቱቦው ላይ ከውጭ ጠቅልሉትና በንጹሕ ወረቀት ሸፍኑት። ክፍሉ ቀዝቀዝ ያለ፣ እርጥበቱም ከ35 እስከ 50 በመቶ ገደማ ቢሆን ጥሩ ነው። ዋናው ነገር ግን አለመዋዠቁ ነው።

ለዓመታት ተጠቅልሎ የኖረ ደረቅ ወረቀት ላይ ጉልበት አይሠራም። እንቢ ካለ ተዉትና የወረቀት ጥገና ባለሙያ በልኩ አርጥቦ ይክፈተው።

ስኮች፣ አግራፍ፣ ላሚኔሽን

ስኮች ሙጫው ቢጫ እድፍ ይተዋል። አግራፍ ይዝጋል። ላሚኔት የተደረገ ፕላን ደግሞ ተመልሶ አይላቀቅም። ሦስቱንም አትጠቀሙ። የተቀደደውን እንደተቀደደ በፎልደር ውስጥ ማስቀመጥ ይሻላል።

ስካን አድርጎ ዋናውን መጣል

ስካን ማድረግ ግድ ነው፤ ዋናውን ለመጣል ፈቃድ ነው ማለት ግን አይደለም። ብዙ ሰው ፋይሉ እንዳይከብድ ብሎ በጥቁርና ነጭ ብቻ ያነሳል። በዚያ ቅጽበት ፎርማኑ በቀይ እርሳስ የጻፈው እርማት ከጥቁሩ መስመር ጋር ይደባለቃል ወይም ጭራሽ ይጠፋል። በቀለም፣ ቢያንስ በ300፣ ቢቻል በ400 ዲፒአይ (የስካኑ የጥራት መለኪያ) አንሱና ቲፍ በሚባለው፣ ጥራት በማይቀንሰው የምስል ፋይል አስቀምጡ። ለሰው የምትልኩት ፒዲኤፍ ከዚያ ይወጣል። ወረቀቱን በሮለር ስቦ የሚያስገባ ስካነር ለደረቀ ፕላን አደገኛ ነው። የፋይሉ ስም የሥራ ቁጥሩንና የሉህ ቁጥሩን ይያዝ፤ «ስካን 0047» ለማንም አይነግርም። ኮፒውንም ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ አኑሩ።

ፕላኑን እንደ ሕንጻው ራሱ ማመን

ለንደን ውስጥ ሮናን ፖይንት የሚባል 22 ፎቅ ያለው መኖሪያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 ግንቦት ወር 18ኛው ፎቅ ላይ ጋዝ ፈንድቶ አንድ ማዕዘኑ እስከ ታች ተናደ። አራት ሰው ሞተ። እዚያ የነበሩት ፓነሎች ሸክም የሚሸከሙ እንጂ እንደ ልብስ የሚሸፍኑ አልነበሩም። ትምህርቱ ግን ለኛም ይሠራል። በ1986 ሕንጻው ሲፈርስ መገጣጠሚያዎቹ በየቦታው በአግባቡ እንዳልተሞሉ ታየ። በሲሚንቶ ፋንታ ጋዜጣ የተጠቀጠቀበት ሁሉ ተገኘ። ይህን የሚያሳይ ፕላን አልነበረም።

ስለዚህ ከፕላኑ ጋር አብረው የሚኖሩትን አትለዩ። በእጅ የታረመው አዝ ቢልት (ሕንጻው በተግባር እንዴት እንደተሠራ የሚያሳየው ፕላን)፣ ከሳይት የተጻፈ ደብዳቤ፣ የገጠማ ፎቶ፣ የቁጥጥር ሪፖርት አብረው ይቀመጡ። በእርሳስ የተሰረዘ አንድ ቁጥር ከንጹሑ ሉህ የበለጠ እውነት ሊይዝ ይችላል።

ናሙናውን እንደ ፍርስራሽ መቁጠር

የኧርሊ ጥበብ የነበረው በፕላኑ መስመሮች ላይ አልነበረም። የጠጠሩን መጠን መርጦ፣ አርማታው ጨርሶ ሳይደርቅ ቅርጽ ማውጫውን አንስቶ፣ ገጹን በሽቦ ብሩሽ ፍቆና አጥቦ ድንጋዩን ያወጣው ነበር። ለባሃኢው ቤተ መቅደስ ነጭ ሲሚንቶና ኳርትዝ ነበር የተጠቀመው። ይህን ሁሉ ፕላን አይናገርም፤ የሚናገረው የድብልቅ ካርዱና ፋብሪካው ግቢ ጥግ ላይ የተከመረው የናሙና ፓነል ነው። ዛሬ የተሰበረውን ለመተካት የሚሞክር ባለሙያ ከቀለም ጋር ነው ትግሉ። ከየሥራው አንድ ትንሽ ናሙና የሥራ ቁጥሩ ተጽፎበት ቢቀር ለሱ ትልቅ ውለታ ነው።

ተቀባይ ሳይፈልጉ መቆየት

የመጋዘን ኪራይ ውሉ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ማኅደር ቤት መደወል አይሠራም። የዩኒቨርሲቲ አርክቴክቸር ማኅደርን፣ የከተማውን ቤተ መዛግብት፣ የሕንጻዎቹን ባለቤቶች ቀድማችሁ አነጋግሩ። ባለቤትነቱን የሚያስረዳ ወረቀት አዘጋጁ፤ የቅጂ መብቱ የማን እንደሆነ መጠየቃቸው አይቀርም። የባንክ ወይም የእስር ቤት ፕላን ካለበት አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ሁሉንም መቀበል አንችልም ካሏችሁ ተስፋ አትቁረጡ። የሥራ ቁጥር መዝገቡን፣ የማሰሪያ ብረት ዝርዝሩን፣ የድብልቅ ካርዶቹን፣ እርማት የተጻፈባቸውን ሉሆችና የገጠማ ፕላኖቹን አስቀድሙ። መቀነስ ካለበት ምንም ያልተጻፈባቸው ተደጋጋሚ ኮፒዎች ይቀነሱ፤ የተቀነሰውም መዝገቡ ላይ «ተወግዷል» ተብሎ ይጻፍ።