ሐረጎን ስንወርድ ጆሯችን ለምን ይደፈናል? የደሴና የኮምቦልቻ የአየር ግፊት ችግሮችና መፍትሄያቸው

ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። በመካከላቸው ባለው በሐረጎ ቁልቁለት፣ በሚኒባስ አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ 650 ሜትር ያህል እንወርዳለን። አየር ክብደት አለው። ዝቅ ባልን ቁጥር ከላያችን የሚጫነን አየር ይበዛል። እኔ ቤተሰቦቼ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ስለሆነ እዚህ መንገድ ላይ የማይገጥመኝ የለም።

ጆሮ ይደፈናል፣ የሰው ድምፅ ከሩቅ ይመስላል

ከጆሮ ታምቡር ጀርባ ትንሽ ክፍተት አለች። አየር የምታገኘው ከጉሮሮ ጀርባ በሚነሳ ቀጭን ቱቦ ነው፤ ቱቦው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ነው። ስንወርድ የውጭው ግፊት ይጨምርና ታምቡሩን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ወደ ደሴ ስንወጣ ግን የውስጡ አየር ራሱ መንገድ ከፍቶ ይወጣል። ከመውጣቱ መውረዱ የሚብሰው ለዚህ ነው።

ቱቦው እንዲከፈት ምራቅ ዋጡ፣ አዛጉ፣ ማስቲካ አኝኩ። ካልተከፈተ አፍና አፍንጫችሁን ዘግታችሁ ቀስ ብላችሁ እፍ በሉ። በኃይል ግን አይሆንም፣ ጆሮ ይጎዳል። ጉንፋን ከያዛችሁ ደግሞ ይህን ጨርሶ ተዉት። እንቅልፍ የሚወስዳችሁም ቁልቁለቱ ሳይጀምር ንቁ፤ የተኛ ሰው ብዙም አይውጥም። ሕመሙ በማግስቱም ካለ ወይም ጆሮ ፈሳሽ ካወጣ ወደ ሐኪም ነው።

አንድ ጊዜ ከፊቴ የተቀመጠች እናት ልጇ ሐረጎ ላይ ጩኸቱን አቀለጠው። ጀርባውን መታ መታ ብታደርገው፣ ብታባብለው እንቢ አለ። ከኋላ ወንበር አንዲት እማማ «ልጄ፣ ጡት አጉርሺው፣ ጆሮው ነው» አሏት። ሁለት ሦስቴ እንደዋጠ ዝም አለ። ሕፃን ማዛጋትን በትእዛዝ አያውቅም፤ መጥባት ግን ያውቃል።

ባቄላው ደሴ ላይ አልበስል ይላል

እህቴ ከኮምቦልቻ ሽምብራና ባቄላ ይዛ መጥታ ንፍሮ ጣድን። ኮምቦልቻ በቶሎ የሚበስለው እህል ደሴ ላይ ድንጋይ ሆነ። እናቴ ከሰል ጨመረች፣ አሁንም ጨመረች። ውኃው ይንፈቀፈቃል፣ ባቄላው ግን ንቅንቅ የለም።

ምክንያቱ ውኃው ነው። በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ የሚፈላ ውኃ፣ ግፊቱ ሲያንስ ቶሎ ይፈላል። ኮምቦልቻ በ94 ዲግሪ ገደማ፣ ደሴ በ92 ገደማ ይፈላል። ከፈላ በኋላ እሳት ብታነዱበት ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም፤ ውኃው ብቻ ቶሎ ተኖ ያልቃል። ሁለት ዲግሪ ትንሽ ትመስላለች፣ ለጥራጥሬ ግን ብዙ ናት። እርግጥ የቆየ እህልም ይዘገያል።

ማታ ዘፍዝፉት። ከፈላ በኋላ እሳቱን ቀንሱ፣ ክዳኑን አትክፈቱ፣ ጊዜ ስጡት። ቲማቲምና ሎሚ ከለሰለሰ በኋላ ነው የሚገባው፤ ኮምጣጣ ነገር ጥራጥሬን ያከርራል። ፕሬዠር ኩከር ያላችሁ ግን ችግሩን ከሥሩ ትፈቱታላችሁ፤ እንፋሎቱን አፍኖ ውኃውን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። የመመሪያው ደቂቃ ለቆላ የተጻፈ ሊሆን ስለሚችል ትንሽ ጨምሩበት።

ሃይላንዱ ይጨማደዳል፣ ሻምፖው ይፈሳል

ደሴ ጠጥታችሁ የከደናችሁት ባዶ ሃይላንድ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ጎኑ ገብቶ ታገኙታላችሁ። የታሸገው የደሴ አየር ነው፣ የኮምቦልቻው ተጫነው። ወደ ላይ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል፤ የቺፕስ ላስቲክ ይነፋል፣ ግማሽ የሆነ ሻምፖ ሻንጣ ውስጥ ይፈሳል። ከመነሳታችሁ በፊት ጠርሙሱን ጨመቅ አድርጋችሁ ክደኑት፣ በፌስታልም ጠቅልሉት።

ጎማ

ደሴ ስንወጣ ጎማው ይነፋል ብለው አየር የሚያስቀንሱ አሉ። በከፍታው ልዩነት የሚጨምረው ግን 1 ፒ.ኤስ.አይ (የጎማ አየር ግፊት መለኪያ) እንኳ አይሞላም። ጎማን ከዚህ ይበልጥ የሚነፋው የመንገድና የፍሬን ሙቀት ነው። እንደደረሳችሁ አታስቀንሱ፤ ጠዋት ሳትነዱ፣ ቀዝቃዛ ሳለ አስለኩት።